ጸጉሩ ወዴት ይሄዳል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እሑድ ጠዋት ነው። ቅዳሴ ሊያመልጣቸው የደረሰ አንዲት እናት ማታ ተኩሰው ሶፋው መደገፊያ ላይ ያነጠፉትን ነጠላ አንስተው ወደ መስኮቱ ያዞሩታል። በነጩ ሸማ ላይ ጥቁርና ቡናማ ጸጉር ተነስንሷል። ጥለቱ ውስጥ ገብቶ የተሰካም አለ። በእጃቸው ቢያራግፉት አልወርድ ይላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይንከባለላል። የጸጉሩ ባለቤት በሩ አጠገብ ተጋድሞ ጅራቱን እያወዛወዘ ያያቸዋል። ጀርመን ሸፐርድ ነው፤ ልጆቹ በኮሮናው ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋሉበት ወቅት፣ ለምነው ያስገቡት።

"እማዬ፣ ትናንት እኮ ቫኪዩም አድርጌዋለሁ" ይላል ትልቁ ልጅ።

እውነቱን ነው። የማሽኑ ጩኸት ታች ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ምንጣፉ ግን የጠዋቱ ብርሃን ሲያርፍበት ግራጫ ነገር እንደለበሰ ነው። ቡና ሲፈላ በተነጠፈው ቄጤማ መሀል፣ በሲኒው ጠርዝ፣ በመሶቡ ክዳን ላይ፣ በሕፃኗ ካልሲ ላይ ያው ጸጉር አለ። እናትየው ከቅዳሴ ሲመለሱ የደረሱበት ውሳኔ ውሻ ቤት ውስጥ ያስገባ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን የሚደርስበት ነው፤ "ከዚህ ኃይለኛ የሆነ ቫኪዩም እንግዛ።"

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ በትልቁ የሚጻፈው የማሽኑ ኃይል ነው፤ ቤት ሲደርስ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። ጸጉር የሚያራግፍ ውሻ ላለበት ቤት ቫኪዩም መመረጥ ያለበት ጸጉሩ ከምንጣፉ ተነስቶ መጣያው እስኪደርስ የሚያልፍበት መንገድ ታይቶ ነው። መንገዱ የት ላይ ይጠባል? የት ላይ ይዘጋል? ሲዘጋስ የቤቱ ሰው ያለ ባለሙያ በገዛ እጁ ሊከፍተው ይችላል? ለዚህ መልስ ያላገኘ ገዥ ሁለት መቶ ዶላር ከፈለ ሰባት መቶ፣ በዓመቱ ያው ጭንቀት ውስጥ ነው።

ሁለት ዓይነት ጸጉር

እኛ ባደግንበት አገር ውሻ የሚያድረው ግቢ ነው። የሚያራግፈውን ጸጉር ነፋስ ይወስደዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ የቀረውን ግቢ የሚጠርግ ሰው ከቅጠሉ ጋር ጠርጎ ይደፋዋል። የአሜሪካ አፓርታማ ግን ውሻውን፣ ቤተሰቡንና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈውን ምንጣፍ በአንድ በር ይዘጋባቸዋል። ጸጉሩ የሚሄድበት የለውም።

ጀርመን ሸፐርድ፣ ሃስኪ፣ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ሳሞየድ፣ እነዚህ ሁሉ ድርብ ጸጉር አላቸው። የላዩ ረጅም፣ ደንደን ያለና ውሃ የሚያንሸራትት ነው። ከሥሩ አጭርና ስስ ጸጉር ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል፤ ብርድ የሚከላከለው እሱ ነው። ቀን ሲረዝምና ሲያጥር የእንስሳው ሰውነት ምልክቱን ከብርሃን ይቀበልና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ የውስጡን ጸጉር በጅምላ ይጥላል። አምፖል እስከ እኩለ ሌሊት በሚበራበት፣ ማሞቂያ ወራቱን ሙሉ በሚሠራበት ቤት የሚኖር ውሻ ግን ይህ ሥርዓት ይዛባበታል። ዓመቱን ሙሉ በመጠኑ ሲያራግፍ ከርሞ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል።

መሬት ላይ ሲወድቁ ሁለቱ ጸጉሮች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ደንዳናው ምንጣፉ ክር ውስጥና የሶፋው ጨርቅ ውስጥ ይሰካል፤ ማሽኑ ሲነቅለው ደግሞ በሚሽከረከረው ብሩሽ ላይ ይጠመጠማል። ስሱ ጸጉር ይበናል፣ እየተድበለበለ ሶፋ ሥር ይሰበሰባል፣ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ቱቦው ጉሮሮ ላይና ፊልትሮው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ፈተና አለበት። አንዱን አልፎ በሌላው የሚወድቀው ብዙ ነው፤ ሸማቾች ስለ አንድ ሞዴል ሲናገሩ አንዱ የሚያመሰግነው ሌላው የሚያማርረውም በአብዛኛው ውሾቻቸውና ወለሎቻቸው ስለሚለያዩ ነው።

በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ አየር ሲደርቅ ምንጣፍ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ በጣት በር ስንነካ የሚነዝረን ያ ነው። ጸጉሩንም ይዞ ያስቀረዋል። በጥር ወር ምንጣፉ "ቫኪዩም እምቢ አለ" የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው ነገር በዓይን አይታይም፣ ለልጆች ጤና ግን ከሁለቱም ይበልጣል። በውሻ ሳቢያ የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑ የሚያለቅሰው፣ አስሙ የሚነሳበት ሰው የሚታመመው በጸጉሩ አይደለም። ዋናው ቀስቃሽ ካን ኤፍ 1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በውሻው ምራቅና በሚረግፈው ፎረፎር ውስጥ ይገኛል። ጸጉሩ ተሸካሚ ነው። "አለርጂ የማያስነሳ ዝርያ" እየተባለ በውድ የሚሸጥ ውሻ አለ። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2012 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት እነዚህ ዝርያዎች ያሉባቸውን ቤቶች ከሌሎቹ ጋር ቢያነጻጽር በቤቱ አየር ውስጥ ያነሰ ካን ኤፍ 1 አላገኘም። ወላጆች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ጸጉር የማይጥል ውሻ ገዛሁ ብሎ ማጽዳትን የሚተው ቤት አስም ያለበትን ልጅ ይጎዳል።

በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ

እናትየው አሮጌውን ማሽን ከመጣላቸው በፊት ወደ አንድ የቫኪዩምና የልብስ ስፌት መኪና መጠገኛ ወሰዱት። ጠጋኙ የአገር ሰው ነው፤ ሙያውን የጀመረው አዲስ አበባ ሞተር በመጠቅለል ነው። ማሽኑን በጀርባው አጋድሞ በካቻቪቴ የሆዱን ክዳን ፈታ።

"እትዬ፣ ይህን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈቱት መቼ ነው?"

"ይከፈታል እንዴ ወንድሜ?"

ብሩሹ አይታይም ነበር። ጸጉር እላዩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ደርቆና ጠብቆ አንድ ወፍራም ገመድ ሆኗል። ጠጋኙ በስለት ሰንጥቆ ሲያላቅቀው ጥምጥሙ እንደ ደረቀ ቆዳ እየተገነጠለ ወጣ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ኩሽኔታዎች ውስጥም ጸጉር ገብቷል። በአንደኛው በኩል ፕላስቲኩ በግለት ቀልጧል። ቺንጋው ረግቧል፣ ፊቱም አብለጭልጯል፤ ሞተሩ ሲዞር እሱ ይንሸራተታል እንጂ ብሩሹን አያዞርም።

"ሞተሩ ምንም አልሆነም። መሳብም ይስባል። ብሩሹ ግን ከቆመ ወራት አልፎታል። ልጁ ሲገፋው የነበረው የቆመ ብሩሽ ነው።"

የጥቂት ዶላር ቺንጋ ማሽኑን መለሰው።

ይህ ጠረጴዛ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ያስተምራል። ምንጣፍ ውስጥ የተሰካን ጸጉር አየር ብቻውን አይነቅለውም። የሚነቅለው ብሩሹ ነው፤ እየተሽከረከረ ክሩን ይመታዋል፣ ይከፍተዋል፣ ጸጉሩን ያላቅቀዋል፤ አየሩ የላላውን ተቀብሎ ይወስዳል። ስለዚህ ምንጣፍ ባለበት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ብሩሹን የሚያዞረው ምንድን ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ማሽን ለብሩሹ የራሱ ሞተር አለው። ሌላው በሚስበው አየር ጉልበት ብቻ የሚዞር ብሩሽ ይገጠምለታል፤ ይህኛው ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ለስስ ምንጣፍና ለሶፋ ይበቃል። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲጫን ግን ይዝላል፤ ጸጉር ሲጠመጠምበትማ ጭራሹን ይቆማል። ሸፐርድ ላለበትና ሙሉ ምንጣፍ ለተነጠፈበት ቤት የራሱ ሞተር የሌለውን ብሩሽ አልመክርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብሩሹ እንዴት ይወጣል የሚለው ነው። በአንድ ቁልፍ ወይም በሳንቲም ተፈትቶ በጎን ተስቦ የሚወጣ ብሩሽ አለ፤ ስድስት ቡሎን ካልተፈታ የማይገኝም አለ። ሁለተኛውን ማንም በየሳምንቱ አይከፍተውም። ማንም የማይከፍተው ማሽን ደግሞ የእናትየው ማሽን የደረሰበት ላይ ይደርሳል። ሻርክና ዳይሰንን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጸጉሩን እያበጠረ የሚያላቅቅ ጥርስ ያለው ወይም በአንድ በኩል ሾጠጥ ብሎ ጸጉሩን ወደ ጫፍ የሚገፋ ብሩሽ ሠርተዋል። ለውሻ ጸጉር ይረዳሉ። የሰው ረጅም ጸጉርና የነጠላ ክር ሲገባባቸው ግን እነሱም መቀስ ይፈልጋሉ፤ ጥርስ አለው ተብሎ መክፈቻው አስቸጋሪ የሆነውን መግዛት ትክክል አይደለም።

ዋትስ?

ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ማሽኑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይናገራል፤ ስለሚያጸዳው ነገር ብዙም አይናገርም። አውሮፓ ኅብረት በመስከረም 2014 ከ1600 ዋት በላይ የሆነ የቤት ቫኪዩም እንዳይሸጥ ከለከለ፤ በመስከረም 2017 ጣሪያውን ወደ 900 ዋት አወረደው። ያኔ ብዙ ሰው ተጨንቆ ነበር። ፋብሪካዎቹ ግን የሞተሩን፣ የአየር መንገዱንና የብሩሹን አሠራር አሻሽለው በ900 ዋት ምንጣፍ የሚያጸዱ ማሽኖች አወጡ።

ቁም ነገሩ ሁለት ልኬቶችን ለይቶ ማወቅ ነው። አንደኛው የመሳብ ጉልበት ነው፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ማሽኑ ምን ያህል ይጎትታል የሚል ነው። ሁለተኛው የአየር ፍሰት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ስንት ሊትር አየር በማሽኑ ያልፋል። አሸዋን ከክር ሥር ለማውጣት ጉልበት ያስፈልጋል። ጸጉር ቀላል ነው፤ በአየር ተንሳፍፎ የሚጓዝ ነገር ነው፤ እሱን የሚወስደው ፍሰቱ ነው። ፍሰት ደግሞ ሰፊ ቱቦ፣ ያልታጠፈ ጉሮሮና ያልተዘጋ ፊልትሮ ይፈልጋል። ብሩሹ ካለበት አፍ ወደ ቱቦው የሚያስገባው ቀዳዳ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነ፣ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢያጓራ፣ የሸፐርድ ጸጉር እዚያው ይደፈናል። ሱቅ ውስጥ ማሽኑን ገልብጦ ይህን ቀዳዳ ማየት ክፍያ የለውም፤ ሻጮችም አይከለክሉም።

እነዚህ ልኬቶች የሚወሰዱት በአዲስና ባዶ ማሽን መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የአውሮፓ ኅብረት በቫኪዩሞች ላይ ያስለጥፍ የነበረው የኃይል ደረጃ ምልክት የሚሰጠው ከረጢቱ ባዶ እንደሆነ በተደረገ ሙከራ ነበር። ዳይሰን ኩባንያ ከሰሰ፤ በኅዳር 2018 የኅብረቱ አጠቃላይ ፍርድ ቤት ሙከራው ሰው ቤት ውስጥ የሚጠቀምበትን ሁኔታ አያሳይም ብሎ ምልክቱን የደነገገውን ደንብ ሻረው። ለውሻ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ማሽን ባዶ ሆኖ የሚሠራው ለመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። ሳሎኑ ሳያልቅ ግማሹ ሞልቷል።

የጽዳት ሠራተኛው ትራስ ልብስ

የዚህ ማሽን ታሪክ ለዛሬው ገዥ የሚጠቅም ነገር ስላለው ልናገረው። በ1901 ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ አቧራን በአየር እየነፋ የሚያስወግድ ማሽን ሲታይ ተመለከተ። ለምን አይስበውም? ብሎ አሰበ። አንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ መሐረቡን የወንበሩ ልብስ ላይ አነጠፈና በአፉ ሳበ፤ አስሎ ሊሞት ደረሰ። መሐረቡን ሲገለብጠው ግን አቧራው ከሥር ተለጥፏል። ቡዝ የሠራው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነበር፤ መንገድ ላይ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ወደ ቤት ይገቡ ነበር።

ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን የሁለተኛው ሰው ታሪክ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በካንተን፣ ኦሃዮ የአንድ ትልቅ መደብር የጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሳው አቧራ ያሳምመዋል። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታ፣ የሚሽከረከር ብሩሽና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ አቧራውን የሚይዝ ማሽን ሠራ። በ1908 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ መብቱን የቆዳ ዕቃ አምራቹ ዊልያም ሁቨር ገዛው። የሁቨር ስም ዓለምን የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስፓንግለር ማሽኑን የሠራው ለመተንፈስ ነው። ብሩሹ የሚያነሳው ነገር ተመልሶ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ጨርቅ አሰረበት። ዛሬም የቫኪዩም መልካምነት የሚለካው ብሩሹ በሚነቅለው፣ ከረጢቱ በሚይዘውና ከኋላው ተጣርቶ በሚወጣው አየር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት አንዱም አልተለወጠም።

ከረጢት ወይስ መያዣ

ጄምስ ዳይሰን ከረጢቱ ሲሞላ ቀዳዳዎቹ በአቧራ እየተደፈኑ የማሽኑ ጉልበት መድከሙን አይቶ ከ5 ሺህ በላይ ናሙና ከሠራ በኋላ አየሩን እያሽከረከረ አቧራውን የሚለይ፣ ከረጢት የሌለው ማሽን አወጣ፤ የመጀመሪያው በራሱ ስም የተሠራው ዲሲ01 በ1993 ገበያ ገባ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ የዘመኑ የወረቀት ከረጢት በእርግጥ ይደፈን ነበር። ግን ከረጢቱም ቆሞ አልጠበቀም። የዛሬው ከረጢት ድርብርብ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው፤ እስኪሞላ ድረስ አየር ያሳልፋል።

ጸጉር የሚያራግፍ ውሻና አስም ያለበት ልጅ በአንድ ቤት ካሉ ከረጢት ያለውን ውሰዱ። ከረጢት በሌለው ማሽን የአቧራ መያዣ ውስጥ ስሱ ጸጉር መሀል ላይ ባለው ወንፊት ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ክዳኑ ሲከፈት አይወድቅም፣ በጣት መጎተት አለበት። በሚጎተትበት ጊዜ ፎረፎሩና ደቃቁ አቧራ ፊት ላይ ይበናል። ሁለት ሰዓት ተለፍቶ የተሰበሰበው የአለርጂ ቀስቃሽ በአንድ ደቂቃ ተመልሶ አየር ላይ ነው። ከረጢቱ ግን አፉ ተዘግቶ እንዳለ ይጣላል። ሚየለና ሴቦን የመሰሉ የጀርመን ፋብሪካዎች ከረጢት ያለውን ማሽን እስካሁን የሙጥኝ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከረጢቱ ወጪ አለው፤ ጸጉሩ በበዛበት ወር ቶሎ ይሞላል። ከመግዛት በፊት የአንድ ፓኬት ዋጋ ጠይቆ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ማስላት ብልህነት ነው።

አለርጂ የሌለበት፣ መያዣውን ደጅ ወስዶ የሚደፋበት ግቢ ያለው፣ ፊልትሮ ለማጠብ የማይሰንፍ ቤተሰብ ከረጢት በሌለውም በደስታ ሊኖር ይችላል። የታጠበ ፊልትሮ ግን ሙሉ ቀን ደርቆ ነው የሚገጠመው። እርጥብ ፊልትሮ ማሽኑን መጥፎ ሽታ ያሲዘዋል፣ ሞተሩንም ይጎዳዋል። ምንጣፍ ላይ የሚነሰነስ የሽታ ማጥፊያ ዱቄትም ፊልትሮን የሚደፍን ጠላት ነው።

ሄፓ የሚለው ስያሜ በብዙ ሳጥን ላይ አለ። በአሜሪካ መለኪያ እውነተኛ ሄፓ ፊልትሮ 0.3 ማይክሮን ከሚሆን ቅንጣት 99.97 በመቶውን ይይዛል፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ሰባ ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ልዩነቱን ከዚህ መገመት ይቻላል። ነገር ግን "ሄፓ ዓይነት" የሚል ጽሑፍ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ፊልትሮው እውነተኛ ቢሆን እንኳ የማሽኑ አካል በጎሚኒ ካልታሸገ አየሩ ፊልትሮውን ሳይነካ በክዳኑ ስንጥቅ ይወጣል። መፈለግ ያለበት ማሽኑ በሙሉ የታሸገ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ክፍሉ ውሻ ውሻ የሚሸት ከሆነ አየሩ እያመለጠ ነው።

ስለ ገመድ አልባዎቹ ባጭሩ። ለደረጃ፣ ለመኪና ወንበር፣ እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ለሚደረግ ጥድፊያ ግሩም ናቸው። መያዣቸው ግን ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ብዙዎቹ ባለ ከረጢቶች ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። በሙሉ ጉልበት ሲሠሩ ባትሪያቸው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ሙሉ ምንጣፍ ላለው የሸፐርድ ቤት ሁለተኛ ማሽን ይሁኑ እንጂ ብቸኛ አይሁኑ። በራሱ እየዞረ የሚያጸዳው ሮቦት ቫኪዩምም እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ ከሄደ ስሱ ጸጉር ሳይድበለበል ይሰበስበዋል፣ ያም ትልቅ ሸክም ያቀልላል። ገና ሥርዓት ያልለመደ ቡችላ ባለበት ቤት ግን ሰው በሌለበት አይለቀቅ። ቡችላው የተጸዳዳውን ሮቦቱ ሳሎኑን ሙሉ እንደ ቀለም ሊቀባው ይችላል። ሩምባ የተባለው ሮቦት አምራች በ2021 የውሻ ዓይነ ምድርን በካሜራ አይቶ የሚሸሽ ሞዴል ያወጣው ይህ አደጋ በብዙ ቤት ስለደረሰ ነው።

ወለሉ ጣውላ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ጠንካራው ብሩሽ ጸጉሩን ወደ ኋላ ይበትነዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ብሩሹን ማጥፊያ ቁልፍ ወይም ለስላሳ ጥቅል ያለው አፍ ነው። ሶፋ ላይ ደግሞ ከማሽኑ በፊት የላስቲክ ጓንት በትንሹ አርጥቦ በአንድ አቅጣጫ ማሸት ጸጉሩን ሰብስቦ ያወጣዋል።

ከምንጩ

ጠጋኙ ለእናትየው የነገራቸው የመጨረሻ ነገር ስለ ማሽን አልነበረም። "እትዬ፣ ውሻውን ያበጥሩታል?" ነበር ያላቸው።

ማበጠሪያ የያዘው ጸጉር ምንጣፍ ላይ አይወድቅም። ወቅቱ ሲደርስ የውስጡን ጸጉር የሚደርስበት ረጅም ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ተይዞ ውሻው ደጅ ወጥቶ ቢበጠር፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከረጢት ይሞላል። ድርብ ጸጉር ያለውን ውሻ መላጨት ግን ትክክል አይደለም። ያ ጸጉር ከብርድ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይጠብቀዋል፤ ከተላጨ በኋላም በደንብ ላይመለስ ይችላል። ቫኪዩም ራሱ ውሻው ላይ የሚደረግበት መሣሪያም አለ። የሚችለው ውሻ ጥቂት ነው፤ ሰው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ሲሰማ ውሻ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ስለሚሰማ እኛ የማንሰማው የሞተሩ ፉጨት ጆሮው ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ሲነሳ ሸሽቶ አልጋ ሥር የሚገባው ፈሪ ስለሆነ አይደለም። ማሽኑን ከመግዛት በፊት የድምፁን መጠን መጠየቅ ለእሱም ማሰብ ነው።

ቁንጫ ለገባበት ቤትም ቫኪዩም ከሚታሰበው በላይ መድኃኒት ነው። በ2007 የወጣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በቫኪዩም ከተሳቡ ጎልማሳ ቁንጫዎች 96 በመቶው፣ ያልጎለመሱት ደግሞ ሁሉም እንደሞቱ አሳይቷል።

ወደ አገር ቤት ለሚልኩ

አዲስ አበባም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሻ አፓርታማ ውስጥ እየገባ ነው። ልዩነቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ላይ የበጋው ረጅም ቀን ከብርዱ አጭር ቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለውሻው የሚደርሰው የብርሃን ምልክት ደካማ ስለሆነ አንድ ትልቅ የማራገፊያ ወቅት ከመጠበቅ ዓመቱን ሙሉ ለሚወርድ ጸጉር መዘጋጀት ይሻላል። ወለሉም በአብዛኛው ሴራሚክ፣ ፓርኬ ወይም ቴራዞ ነው፤ ምንጣፉ ተነጣፊ ነው። እንዲህ ላለ ቤት ውድ የምንጣፍ ብሩሽ ያለው ማሽን አያስፈልግም። ለስላሳ አፍ ያለው፣ ከረጢት የሚወስድና እጀታው ላይ አየር መልቀቂያ ያለው ይበቃል፤ መልቀቂያው ሲከፈት ተነጣፊው ምንጣፍ ከማሽኑ ጋር አብሮ አይነሳም።

ከአሜሪካ ማሽን የሚልክ ሰው ከሁሉ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። ለ120 የተሠራ ቫኪዩም አዲስ አበባ ሶኬት ላይ ሲሰካ ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። አሥራ ሁለት አምፔር የሚወስድ የተለመደ የአሜሪካ ማሽን 1440 ዋት ስለሚበላ የሚችለው ትራንስፎርመር ቢያንስ 2000 ዋት መሆን አለበት፤ እሱ ደግሞ ከባድና ውድ ነው። ባትሪ መሙያቸው ላይ "100–240 ቮልት" የሚል የተጻፈባቸው ገመድ አልባዎችና ሮቦቶች ያለ ትራንስፎርመር ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋም የሞላ ባትሪ ይጠቅማል። ባለ ከረጢት ማሽን ከሆነ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ ለ220 ቮልት የተሠራውን መግዛት ይሻላል፤ ሲላክም ለሁለት ዓመት የሚበቃ ከረጢት፣ ትርፍ ፊልትሮና ቺንጋ ሻንጣው ውስጥ አብሮ ይግባ።